አውፍ ያስቀደመው ሐኪም

ሐሙስ ኅዳር ሃያ ሦስት ቀን፣ ከጧቱ ሁለት ሰዓት ከሩብ ላይ፣ የሕፃናት ሐኪሙ ዶክተር ከማል ደሴ ውስጥ በሕክምና ላይ እንዳለ ሞተ። በዚያው ቀን ከአስር ሶላት በኋላ በትውልድ አገሩ በወረኢሉ ተቀበረ። ሕመሙ የጉበት ነበር።

መርዶውን የነገረችኝ ሲስተር መቅደስ ናት፤ መካነ ሰላም ውስጥ በጨቅላ ሕፃናት ክፍል ከእሱ ጋር ለዓመታት የሠራች ነርስ። የሞት ዜና ከአንድ ሰው ብቻ ሰምቼ አምኜ አላውቅም፤ የጋዜጠኝነት ሥራዬ ያስለመደኝ ነው። ወንድሙ ዘንድ ደወልኩ። ስልኩን አንስቶ ገና ሳይናገር ከኋላው የለቀስተኛ ድምፅ ሰማሁ። ሌላ ሰው አልጠየቅሁም።

ከዚህ በታች ያየሁትንና የተነገረኝን ለይቼ እጽፋለሁ። የአንድ ቤተሰብ ስሞችን ቀይሬአለሁ፤ ምክንያቱን ቦታው ሲደርስ እናገራለሁ።

ከማልን ያወቅሁት ስለ ጨቅላ ሕፃናት ሕክምና የሬዲዮ ዘገባ ልሠራ ከደሴ መካነ ሰላም በሄድኩ ጊዜ ነው። ረጅም፣ ቀጭን፣ ጎበጥ ያለ ሰው ነበር። ሲያናግሩት ዓይኑን ከሕፃናቱ ስለማያነሣ፣ ሰው የሚያወራው ለጆሮው ብቻ ነው። በሩ ላይ አስቆመኝና መጀመሪያ መቅረጸ ድምፄን፣ ቀጥሎ እጄን አየ።

«ወይ መሣሪያውን ውጭ ተወው፣ ወይ እጅህን» አለኝ።

መሣሪያውን ተውኩት። ወደ ቧንቧው ወስዶኝ ቆሞ እንደ ተማሪ አስታጠበኝ። ከዚያ በእጄ ላይ አልኮል አፈሰሰ፤ በራሱም እጅ ላይ አፈሰሰና ሁለት መዳፎቹን ደረቱ ፊት ለፊት ወደ ላይ ዘርግቶ ዝም ብሎ ቆመ። እኔም እንደሱ አደረግሁ። በውስጠኛው ግድግዳ ሥር ረጅም አግዳሚ ወንበር አለ፤ እናቶችና አያቶች ተደርድረው ይቀመጡበታል። ሁሉም በአንድ ድምፅ «አሚን» አሉ። ክርስቲያኖቹ «አሜን» አሉ።

ዱዓ እያደረገ መስሎኝ ነበር። በኋላ ስጠይቀው ሳቀ። አልኮሉ እስኪደርቅ እየጠበቀ ነው እንጂ ሌላ ነገር አልነበረም። ሴቶቹ ግን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ዱዓ ነው ብለው ይዘውታል፤ እሱም አላረማቸውም። «እዚህ ክፍል ‹አሚን› ሳይባል ሕፃን የሚነካ የለም» አለኝ። «ከዚህ የተሻለ ሕግ ማን ያወጣልኛል?» እውነቱን ነበር። አንድ ቀን አንዲት ወጣት ነርስ ቸኩላ እጇ ሳይደርቅ ወደ ሕፃን ስትሰድ፣ ከወንበሩ ላይ አንዲት ባልቴት «ዱዓው መቼ ደረሰና ነው የምትጣደፊው?» ብለው ሲመልሷት በዓይኔ አይቻለሁ።

ክፍሉ ውስጥ ከሁሉ በላይ የሚፈራው አንድ ቀጭን ቱቦ ነበር። ያለ ጊዜው የተወለደ ሕፃን የእጁና የእግሩ ደም ሥር ክር ያህል ነው፤ መርፌ አይቀበልም። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ግን በተቆረጠው እትብት ውስጥ ያለው ደም ሥር ገና ክፍት ነው። ሐኪሙ በእሱ በኩል ቱቦ አስገብቶ እስከ ልብ ደጃፍ ያደርሰዋል፤ ስኳሩም መድኃኒቱም በዚያ ይገባል። እነሱ የእትብት መስመር ይሉታል። ብዙ ሕፃን አትርፏል፤ ግን ተሐዋሲ ያስገባል፣ ደም ያረጋል፤ ሲወጣ ደም ያፈስሳል፣ ከልኩ በላይ ሲገባ ደግሞ ልብን ይነካል። ከማል መስመሩን በር ይለው ነበር። በር ሲከፈት የሚገባው የጠሩት እንግዳ ብቻ አይደለም ይላል።

ስለዚህ ጧት ጧት በእያንዳንዱ ሕፃን ራስጌ ቆሞ፣ ሁሉም እየሰማ፣ «ይህ መስመር ለምን አደረ?» ብሎ ይጠይቅ ነበር። ነርሷ ምክንያት መስጠት አለባት። መልሷ «ትናንት ስለነበረ» ከሆነ መስመሩ ያኔውኑ ይወጣል።

ይህን ሲጨርስ ወደ አግዳሚው ወንበር ይዞርና ሁልጊዜ ያችኑ ቃል ይናገራል። «አውፍ ብያለሁ፤ አሁን ንገሩኝ።»

አውፍ በወሎ ይቅርታ ነው። የከማል አባት አበጋር ነበሩ፤ ደም የተቃቡ ሰዎችን የሚያስታርቁ። ከማል እንዳጫወተኝ፣ አባቱ ዘንድ ነገሩ ከመሰማቱ በፊት የተጣሉት ሰዎች አውፍ ይባባላሉ፤ እውነቱ የሚወጣው ከዚያ በኋላ ነው። «ሌላ ቦታ ሰው መጀመሪያ ይናገራል፣ ኋላ ይቅር ይባላል» አለኝ። «የፈራ ሰው ግን አይናገርም። የማይናገር ሰው ባለበት ክፍል ደግሞ እኔ ቱቦ አልተክልም።»

ሴቶቹ ይናገሩ ነበር። አንዷ በጣቷ ውኃ ማቅመሷን፣ ሌላዋ ክታብ በሕፃኑ ክንድ ላይ ማሰሯን። እሱም «አብሽሩ፣ አይዟችሁ» ይልና ክታቡን ፈትቶ አልጋው ራስጌ ይሰቅለዋል። ሲስተር መቅደስ በዚያን ጊዜ አትስማማም ነበር፤ ራሷ ነግራኛለች። አውፍ የበዛበት ሰው ይዘናጋል፣ አንድ ቀን ዋጋ ያስከፍለናል ትል ነበር።

አውፉ ግን ለሁሉም አልነበረም። ለእትብት ተብሎ የተሠራው ቱቦ በየጊዜው ያልቅ ነበርና፣ አቅራቢዎቹን በስልክ ሲናገራቸው ወንበሩ በሙሉ ጆሮውን ይጥላል። ስልኩን ሲዘጋ አንዷ «ለእነዚያስ አውፍ የለም?» ብላ ጎነተለችው። «ለእነሱ የቂያማ ቀን አያለሁ» አላት።

አሁን ወደዚያ ቅዳሜ ልምጣ።

ቀኑ የገበያ ቀን ነበር። እኔ ለሦስተኛ ጊዜ መሄዴ ነው። ከከላላ በኩል የመጣች ሰዓዳ የምትባል ወጣት እናት ነበረች፤ ባሏ ሳዑዲ ነው። ሕፃኑ የመጀመሪያ ልጇ ነው፣ ከጊዜው ቀድሞ የተወለደ። አብረዋት ያሉት የባሏ እናት እማማ ሀዋ ናቸው። ልጃቸው ከሪያድ በየቀኑ ድምፁን ይልካል፤ እማማ ሀዋም ስልኩን ሕፃኑ ወዳለበት አቅጣጫ አዙረው የአባቱን ድምፅ ያሰሙታል። የክፍሉ ሰው ሁሉ ያን ድምፅ ለምዶት ነበር።

ለሕፃኑ የእትብት መስመር ገብቶለታል። ትክክለኛው ቱቦ አልቆ ስለነበር ከማል ለመመገቢያ የሚሆነውን ቀጭን ቱቦ ተጠቅሟል። ያ ቱቦ የልክ ቁጥር የለበትም፤ ስለዚህ ሲያስገባው ከቆዳው ዳር በእስክሪብቶ ምልክት አድርጎበት፣ በራጅ ቦታውን አረጋግጦ፣ ከእትብቱ ጋር በክር አስሮ በፕላስተር አጣብቆታል። ይህን እሱም መቅደስም በየተራ ነግረውኛል።

ያን ቀን ጧት ሁሉም ደኅና ነበር። ነርሶቹ ፈረቃ ተቀያየሩ። ከጥቂት ቆይታ በኋላ የሰዓዳ ልጅ ከንፈሩ አመድ መሰለ። ማሽኑ ጮኸ። መቅደስ ሮጣ የአየር ፊኛውን አፍና አፍንጫው ላይ ገጥማ መጭመቅ ጀመረች። ደረቱ ይነሣል፣ ይወርዳል፤ ቀለሙ ግን አልተመለሰም። የልቡ ምት እየቀነሰ ሄደ። ሌላዋ ነርስ በሁለት አውራ ጣቶቿ ደረቱን መጫን ጀመረች።

ከማል መጀመሪያ ያደረገው የሚንጠባጠበውን መድኃኒት መዝጋት ነበር። ቀጥሎ ደረቱን በግራም በቀኝም አዳመጠ፤ አየር በሁለቱም ይገባል። የደሙን ስኳር አስለካ፤ ደኅና ነው። ልቡን አዳመጠና ማዳመጫውን ቶሎ አላነሣም። በኋላ እንደነገረኝ፣ ድምፁ ከግድግዳ ማዶ እንደሚሰማ ሆኖበት ነበር።

ከዚያ መስመሩን አየ። ፕላስተሩ ያብረቀርቃል። የእስክሪብቶው ምልክት የለም። በጣቱ ዳሰሰው፣ ጣቱን አሻሸ፣ አሸተተው።

«ቅቤ ነው» አለ።

በኛ አገር የሕፃን እምብርት ቶሎ እንዲድን ለጋ ቅቤ ይቀቡታል። ቅቤው ፕላስተሩን አላቅቆታል፤ ቀለሙንም አጥቦታል። እትብቱም እየደረቀ ስለነበር ቱቦውን የያዘው ክር ላልቷል። ቱቦው ከቦታው ተንቀሳቅሷል ማለት ነው፤ ግን ወዴት? ወጥቶ ከሆነ ችግሩ ደም መፍሰስ ወይም ሌላ ነገር ነው። ጠልቆ ከሆነ ጫፉ ልብን በስቶ፣ ሲንጠባጠብ የነበረው ስኳር በልቡ ከረጢት ውስጥ ሞልቶ ልቡን አንቆት ይሆናል። ለዚህ ያለው መድኃኒት አንድ ነው፤ መርፌ ከደረት አጥንት ሥር ወደ ልቡ ሰድዶ ፈሳሹን መቅዳት። በከንቱ ከተሰደደ መርፌው ራሱ ይገድላል። መሰደድ ሲገባው ካልተሰደደም ሕፃኑ ይሞታል። ራጁ ከግቢው ማዶ ነው፤ ሕፃኑ እዚያ አይደርስም። የአልትራሳውንዱ ባለሙያ ለቅሶ ሄዷል፣ ቁልፉም ከእሱ ጋር ነው።

መቅደስ ፊኛውን እየጨመቀች ወደ ወንበሩ ዞረች። «ማነው ይህን የነካው? ገደላችሁት እኮ!»

ሰዓዳ መሬት መሬት ታያለች። እማማ ሀዋ የሻላቸውን ጫፍ አፋቸው ላይ ይዘዋል። ከጎናቸው የተቀመጡት ሴቶች አንድ በአንድ ከእሳቸው ራቅ ማለት ጀመሩ።

«መቅደስ፣ አንቺ አየር ስጪ» አለ ከማል። ድምፁን አላነሣም። መርፌውን እንዲያዘጋጁ በምልክት አሳየ፣ እጁ ላይ አልኮል አፈሰሰ፣ መዳፎቹን እንደ ልማዱ ወደ ላይ ዘረጋ። በዚያች ሰዓት ከወንበሩ «አሚን» ያለ አልነበረም። አንገቱን ብቻ ወደ አሮጊቷ አዞረ።

«እማማ ሀዋ፣ አውፍ ብያለሁ። ልጁ ቢሞትም አውፍ ብያለሁ። ወጥቶ ነበር ወይስ ገብቶ ነበር? ይችን ብቻ ይንገሩኝ።»

ሴትዮዋ ሻላቸውን ከአፋቸው አወረዱ።

«ወጥቶ አገኘሁት፣ ልጄ» አሉ። «ደንግጬ መለስኩት።»

«ምን ያህል መለሱት?»

አመልካች ጣታቸውን ዘርግተው በአውራ ጣታቸው ሁለተኛውን አንጓ ነኩ። «እስከዚህ ወጥቶ ነበር። ስመልሰው ትንሽ ጨመርኩበት። ዳግም እንዳይወጣ ብዬ።»

ከማል እጁን አየ። ደርቋል።

«አሚን በሉ» አለ።

አሉ። ነርሷ ደረቱን መጫኗን አቆመች። መርፌውን ከደረቱ አጥንት ጫፍ ሥር፣ ወደ ግራ ትከሻ አዘንብሎ፣ የስሪንጁን ጭራ በቀስታ እየሳበ ሰደደ። መጀመሪያ ምንም አልመጣም። ጥቂት ገፋ። አሁንም የለም። መቅደስ ዓይኗን ጨፈነች፤ አጠገቧ ነበርኩ። ቀጥሎ ስሪንጁ ውስጥ ውኃ የመሰለ፣ በትንሹ ቀላ ያለ ፈሳሽ ገባ። ሳበው። ሌላ ስሪንጅ አስቀጠለና አሁንም ሳበ። ማሽኑ ላይ የልቡ ምት እየፈጠነ መጣ። ከንፈሩ መጀመሪያ ቀላ፣ ቀጥሎ ጆሮው።

ከማል የቀዳውን ፈሳሽ አንድ ጠብታ በስኳር መለኪያው ላይ አደረገ። መሣሪያው ቁጥር አልሰጠም፤ ከልኬ በላይ ነው አለ። ያን ያህል ስኳር የተሰቀለው ላስቲክ ውስጥ እንጂ በሰው ገላ ውስጥ አይገኝም። መለኪያውን ለመቅደስ አሳያት። ቱቦውን አወጣና በሕፃኑ ራስ ላይ ሌላ ደም ሥር ፈልጎ እስኪያገኝ ድረስ አልተቀመጠም።

ልጁ ሲረጋጋ እማማ ሀዋ ወደ ከማል ቀርበው የወጋሁት እኔ ነኝ ወይ ብለው ጠየቁት። ይዋሻቸዋል ብዬ ጠብቄ ነበር።

«አዎ፣ እርስዎ ነዎት» አላቸው። «ባይነግሩኝ ደግሞ መርፌውን አልሰድድም ነበር። ሁለቱም እውነት ነው።»

ከሰዓት በኋላ ሠራተኞቹን ሰበሰበ። የወቀሰው ሰው የለም። አንድ ነገር ብቻ ጠየቀ፦ አትንኩ ብለናቸዋል፤ ወጥቶ ብታገኙት ምን አድርጉ ብለናቸው ነበር? ከዚያ ቀን ጀምሮ አዲስ የምትመጣ እናትና አያት ሁሉ በጨርቅ አሻንጉሊት ላይ እያየች ትማር ጀመር። የመጀመሪያዋ አስተማሪ እማማ ሀዋ ነበሩ። አሻንጉሊቱን ጭናቸው ላይ አስተኝተው፣ «ከወጣ በፋሻ ተጫኚው፣ ተጣሪ፣ እንዳትመልሺው። እኔ መልሼው ነው እዚህ የደረስኩት» ይሏቸው ነበር። የመስመሩ ምልክትም ከእስክሪብቶ ወደ ስፌት ክር ተለወጠ፤ ከቆዳው ዳር ክር ቱቦው ላይ ይቋጠራል፣ ቅቤ አያጠፋውም። ቅቤውን ከማል አልከለከለም። ለእናቲቱ ራስ ይሁን ብሎ ፈረደ፤ ነርሶቹ ቅቤውን በር ላይ እየተቀበሉ የእናቶቹን ፀጉር ይቀቡ ነበር።

ዕለቱን ከመሄዴ በፊት ግቢው ውስጥ ያዘኝ። ያየሁትን እጽፍ እንደሆነ ጠየቀኝ። ያየሁትን መጻፍ ሥራዬ ነው አልኩት።

«አውፉ ሲባል ክፍሉ ውስጥ ነበርክ?»

«ነበርኩ።»

«እንግዲያው አንተም ብለሃል።»

ዘገባውን ያን ታሪክ አውጥቼ አቀረብኩት። አለቃዬ ስለ ቱቦ ብቻ ነው ወይ የሄድከው አለኝ። አዎ አልኩት።

ልጁ ድኖ ከላላ ገባ። ይህን ከመቅደስ ሰምቻለሁ፤ ዓመታት ቆይቶም ከላላ ገበያ ላይ ራሱን አይቼዋለሁ። አያቱ እጁን ይዘውት ነበር፤ እሱ ግን እጁን ሊያስለቅቅ ይታገላል። ያን ቀን እንድጽፈው እማማ ሀዋን አስፈቀድኳቸው። ጥቂት አሰቡና ስሜን ትተህ ጻፈው፣ ሌላዋ አያት ትስማው አሉኝ። ስሞቹን የቀየርኩት ለዚህ ነው።

ከማል በመጨረሻ ባየሁት ጊዜ ከስቶ ነበር። ስጠይቀው የመካነ ሰላም ዳገት ነው አለኝ። ሥራውን አላቋረጠም። ስለ ሕመሙ ለማንም እንዳልተናገረ ከሞተ በኋላ ከወንድሙም ከመቅደስም አረጋግጫለሁ። መቅደስ በስልክ ነው የነገረችኝ። «እኛ እኮ አውፍ ብለነው ነበር» አለችኝ። «ምን ነበር ቢነግረን?»

ከቀብሩ በኋላ፣ በታኅሣሥ፣ መካነ ሰላም ሄድኩ። በሩ ላይ ታጠብኩ፣ እጄን አደረቅሁ፤ ከወንበሩ «አሚን» ተባለ። በከማል ቦታ አንድ ወጣት ሐኪም ተመድቧል፤ ከመጣ ገና ወር አልሞላውም። የጧቱን ዙር ይዞ ነበር። መቅደስ ከኋላው ትከተላለች።

በመጨረሻው አልጋ ላይ ያለች ሕፃን የእትብት መስመር ነበራት። አባቷ ከጅዳ በቅርቡ የተመለሰ ሰው ነው፤ ከወንበሩ ዳር ቆሞ ነበር። ሐኪሙ ሲደርስ ሰውዬው ጉሮሮውን ጠራረገና የምነግራችሁ ነገር አለኝ አለ። ሐኪሙ ቀጥል አለው። ሰውዬው ግን አልቀጠለም።

«መጀመሪያ አውፍ በሉኝ» አለ።

ሐኪሙ አልገባውም። ስለ ምኑ ብሎ ጠየቀው።

«ስለ ምኑማ ኋላ ነው። እዚህ እንደዚያ ነው ብለውኛል።» ወደ ወንበሩ አመለከተ። ሴቶቹ ራሳቸውን ነቀነቁ።

ሐኪሙ ወደ መቅደስ ዞረ። መቅደስ ወደ ሰውዬው ቀረበች።

«አውፍ ብለናል» አለችው። «አሁን ንገሩን።»

ሰውዬው ነገራቸው፦ ጧት ልጅቷን ሊያቅፍ ሲል የብርድ ልብሱ ጠርዝ ቱቦውን ያዘውና ጎተተው፤ ወጥቶ ይሁን አይሁን አላወቀም፤ አልነካውም፤ ፈርቶ እስካሁን ዝም ብሎ ነበር።

መቅደስ እጇን ታጠበች። አልኮል አፈሰሰች። መዳፎቿን ዘርግታ እስኪደርቅ ቆመች፤ ሐኪሙም ከጎኗ ቆመ። ወንበሩ «አሚን» አለ። የሕፃኗን ልብስ ገልጣ ጎንበስ ብላ አየች።

የምልክቱ ክር ቦታው ላይ ነበር።